የረድኤት መርፌ

«ነይ፣ እዚህ ተኚ» አለቻት ነርሷ ታላቅ እህትየዋን፣ የምትንቀጠቀጠው እሷ ስለነበረች።

«ታማሚዋ እህቴ ናት» ብላ የአሥር ዓመቷን ረድኤት አልጋው ላይ አስተኛቻት።

ሐኪሙ የልጅቷን ልብ በስክሪኑ ሲመለከት ቆየ። «ልብ ፋታ ካገኘ ራሱን ይጠግናል፤ አምና የእሷም ቁስል እየሻረ ነበር። አሁን ግን እንደ አዲስ ተጎድቷል። ሕመሙ እንዳያገረሽባት የሚሰጣትን የየወሩን መርፌ አቋርጣለች እንዴ?»

«ኧረ ዶክተር! እህቷ በየወሩ ትወስዳት የለ? አንድም ቀን አላጓደለችባትም» አለች እናታቸው።

ታላቅየዋ አንገቷን ደፋች። የልጅቷ ለቅሶ እያሳዘናት፣ ሦስት ወር ሙሉ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ እየመለሰች ኬክ ቤት ወስዳታለች። እንደ ምንም ልትናገር ስትል ረድኤት ቀደመቻት።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ውጭ ስትጠብቀኝ፣ ሳልወጋ ‹ተወጋሁ› እላት ነበር።»

እናትየው ትንሿን ትቆጣት ጀመር። ታላቅየዋ ዝም አለች።