ስለ ሺህ ቤት

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?» አለች አዳዳ ወርቂቱ፣ ጉም ከዋጠው ደጃፏ ላይ ሳትነቃነቅ።

ጆቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አራተኛ ክፍልን አጋምሶ የተወ ቢሆንም ለኡኬ መንደር አስተርጓሚነት መች አነሰውና! ጅብ በአማርኛ «ደህና እደር» ብሎኛል እያለ የሚምል ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡት አቶ ሀብተጊዮርጊስ የአገሩ ሀብት በማን እጅ ምን ያህል እንዳለ ይገምታሉ። ቤቱን ሁሉ ማዳረስ ስለማይቻል ከሺህ ቤት ለአንዱ ዕጣ ይወጣል፤ ያ አንዱ ስለ ሺው ይናገራል። ዕጣው የወርቂቱ ሆነ።

«አዳዳ፣» አለ ጆቴ እንደ አክስት ጠርቷት በኦሮምኛ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ዛሬ ከአፍሽ የወጣው በሺህ ቤት ላይ ይሆናል። የለኝም ካልሽ ሺህ ቤት ባዶውን ያድራል።»

ማታ ጠጅ ቤት የሚያወራው ቀልድ መሆኑ ነበር። ወርቂቱ ግን አልሳቀችም።

ያለቻት አንዲት ላም ናት። በከብት ላይ ግብር ሊጣል ነው ሲባል ሰምታ ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃታለች። ግብሩ ከመጣ ላሟን ሸጣ ከመክፈል ሌላ መላ የላትም።

«ከብት አላቸው ወይ?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

ወርቂቱ ጉሙን አሻግራ አየች፤ ቤቶቹ እዚያ ውስጥ የተደረደሩ ይመስል።

«እነዚያ ቤቶች ሕፃናት አሏቸው?»

«ሞልቷቸው!» አለ ጆቴ ሳያስበው።

«እንግዲያው አንድ አለች በልልኝ። የምትታለብ።»

ጆቴ ደነገጠ። «ኧረ አዳዳ! ግብሩስ? ስቀልድ እኮ ነው!»

«ዕድሜህን ሙሉ ዋሽተህ ዛሬ አንዴ እውነት ብታወጣ ልታስተባብል? ግብሩ የኔ የብቻዬ ነው፤ ወተቱ የሺህ ቤት ነው። በል ንገረው ኢልመኮ፣ ልጄ።»

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

ጆቴ «የላቸውም» ሊል አፉን ከፈተ። ለሱ ውሸት ምን ገዶት! ግን ከቃሉ ኋላ ሺህ የወተት ቅል ባዶውን ተሰቅሎ ታየው።

«አንዲት፣» አለ በቀስታ። «ቀይ ላም። ትታለባለች።»

ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ከወንዙ ዳር ላሟ እምቧ አለች። ከማዶው ኮረብታ ሌላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲያም ሌላ፤ ከሩቅ ከአርጆ በኩልም ሌላ። ከዚያ ጉሙ በየደጃፉ እንደ ቀይ ላም ቀስ እያለ ቀላ፣ ወተት ወተትም ሸተተ።