ጭስ የሌለው ምድጃ

ሽማግሌው ምድጃ ቆስቋሽ የብረት ዘንጉን በሁለት እጁ አንስቶ በአዲሱ የፍሳሽ ዝቃጭ ማቃጠያ ምድጃ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ሰነዘረ። መንግሥት ለአየር ንብረት ይበጃል ብሎ ለአዲሱ ምድጃ በጀት ስለመደበ፣ እሱ ሠላሳ ዓመት የቆሰቆሰው አሮጌ ምድጃ ከነገ ጀምሮ ሊፈርስ ነበር። መሐንዲስ የሆነችው ልጁ ዘላ መሐል ገባች። ዘንጉን ሊመልሰው አልቻለም። ክንዷ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ቀጭ ሲል በዘንጉ በኩል መዳፉ ላይ ተሰማው።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? በስተርጅና ደጅ ልትጥዪኝ?» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን ወደ ሳል ተለወጠ።

«በጀቱን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ያ ጭስ ደም ሲያስተፋህ እያየሁ ዝም ልበል?»

ዘንጉን ጣለው። ከአንገቱ ፎጣውን አውልቆ ክንዷን ደግፎ አሰረላት። ጥበቃዎቹ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ገቡ።

«ኢንጂነር፣ ምን ሆኑ?»

«ወድቄ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

«ውሸቷን ነው» አለ አባቷ፣ ክንዷን እንደደገፈ ቀና ሳይል። «እኔ ነኝ የሰበርኳት።»