ባዶው የቀብር ማስታወቂያ

«ጥፋቱ የስልካቸው ነው» ይላል ነስሮ፣ ላፕቶፑን ወደ ሽማግሌዎቹ እያዞረ። «ይኸው ድረ ገጹ፣ እንዴት እንደሚያምር ተመልከቱ።»

ያምራል። መጀመሪያ ጽጌረዳ ከላይ እየረገፈ ይወርዳል፤ ቀጥሎ የአባባ አሚን ፎቶ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየተለቀሙ ማረፋቸውንና ቀብራቸው ትናንት ከዐስር ሰላት በኋላ መሆኑን ይናገራሉ። ሞት ለመንገር አበባ ማርገፍ ምን የሚሉት ጣጣ ነው? እኔ ለአፎቻው፣ ለሐረሪዎቹ እድር፣ የሠራሁት የመጀመሪያው ገጽ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ነስሮ ጸሐፊ ሆኖ በተመረጠ ማግሥት «ይሄማ የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል» ብሎ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ሰጠና በዚህ አስቀየረው። እኔ ገጹ እንዳይዘጋ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

ባለስልኩ ዓብዱላሂ በሩ አጠገብ ያለችው ዝቅተኛ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በሐረር ቤት መቀመጫ ደረጃ አለው። የእሳቸው ቦታ ከላይ፣ ከጓደኛቸው ከአሚን ጎን ነበር፤ ዛሬ ሲገቡ ግን «ከፍ ይበሉ» ያላቸው የለም። የአሚንን ሬሳ ከማንም በፊት ሊሸከሙ የሚገባቸው ሰው ቀብሩ ላይ አልተገኙም። የአፎቻው ደንብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፦ አባሉን ያልቀበረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው የሞተ ቀን ከአፎቻው የሚያጥበውም የሚሸከመውም አይመጣለትም።

«ለምን ቀሩ?» ይላሉ ሊቀመንበሩ። ለእኔ ሲሉ ነው በአማርኛ የሚናገሩት።

«ባቢሌ ነበርኩ፣ ለውዝ እየነቀልን። ጠዋትም፣ ከዙህር ሰላት በኋላም ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነው። ወላሂ ባዶ ነው!»

«እንዴት ባዶ ይሆናል?» ይላል ነስሮ። «በጠዋቱ ነው ያወጣሁት። ካናዳ ያሉት ሁሉ አይተውት ሐዘናቸውን ልከዋል።»

ካናዳ የታየ ባቢሌ አልታየም! ድሮ ከአፎቻው አንድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ ይነግር ነበር፤ በኋላ ደግሞ ይደውል ነበር። «ድረ ገጽ እያለን ምን ያለፋናል» ብሎ ያስቀረው ይኸው ነስሮ ነው። ትናንት ሁሉም ሌላው የደወለላቸው መስሎት ዝም አለ።

«ትዕግሥት፣ ልጄ» ይሉኛል ሊቀመንበሩ፣ «የጠራንሽ ለዚህ ነው። እውነቱን ንገሪን።»

«ስልክዎን ይስጡኝ፣ አባባ» እላለሁ።

መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። ገጹን እከፍተዋለሁ። ነጭ። ስምም ሰዓትም የለበትም። የስልኩን ቅንብር ስመለከት ምክንያቱ ወዲያው ይገባኛል።

«ስክሪፕቱ ተዘግቷል» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ አፌን አፌን ያዩኛል። «ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ነው። ማን ዘጋው፣ አባባ?»

«እኔ ነኝ። እዚያ ያለው ኔትወርክ ኔትወርክ አይባልም፤ አንዱ ገጽ ሳይከፈት ሰላት ይደርሳል። ልጄ ሙና ናት ዝጋው ያለችኝ። ከዘጋሁት ወዲህ አልሐምዱሊላህ ዜናውም የለውዝ ገበያውም ይከፈትልኛል። የናንተው ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ሰማችሁ?» ነስሮ እጁን ያጨበጭባል። «ራሳቸው ናቸው የዘጉት! ስልካቸውን ያስተካክሉዋ!»

ወደ ነስሮ እዞራለሁ።

«ሰው መርዶ ለመስማት ስልክህን አስተካክል ይባላል? አበባህ ከፈለገ እስከ ማታ ይርገፍ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ግን ምን ቤት ነኝ ብለህ ነው አበባው ውስጥ የቆለፍክበት? ጽሑፉ ገጹ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ስክሪፕት ያለው አበባህን ያያል፣ የሌለው ያነባል። ይህን ያኔውኑ ነግሬህ ነበር። ‹ዛሬ ማን ይዘጋዋል› አልከኝ። ይኸውልህ፣ እሳቸው ዘጉት!»

ነስሮ በሐረሪ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኙታል።

ፈቃድ አልጠይቅም። ላፕቶፑን ከፊቱ ስቤ እገባለሁ፤ ጽሑፉን ከስክሪፕቱ ውስጥ አውጥቼ ገጹ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሻይ የማይበርድበት ሥራ ነው፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ስልኩ ላይ ገጹን መልሼ ስከፍተው ወዲያው ይመጣል፣ ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ።

«ይኸው፣ አሁን ይዩት» እልና እሰጣቸዋለሁ። ለማስረጃ ብዬ ነው። ምን እየሰጠኋቸው እንደሆነ አላሰብኩም።

ዓብዱላሂ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። የአሚን ስም ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። የአሚንን መሞትስ ዛሬ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ከመንገደኛ ሰምተዋል። አፎቻቸው የነገራቸው ግን አሁን ነው።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላሉ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ይነሳሉ።

«ወዴት ነው፣ አው ዓብዱላሂ?» ይላሉ ሊቀመንበሩ።

«አሚንን ልቀብር።»

ማንም «ትናንት ተቀብረዋል» አይላቸውም። ነስሮም አንገቱን ደፍቷል፤ ከፊቱ የሳብኩት ላፕቶፕ ላይ ጽጌረዳው አሁንም ይረግፋል።

ሊቀመንበሩ ከላይኛው መደብ ይወርዳሉ። በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የባቢሌ አፈር ያልረገፈለትን አንድ ጥንድ ፈልገው ያወጣሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከዓብዱላሂ እግር ፊት አስተካክለው ያስቀምጡላቸዋል።