ፈሪው አዳም

ወጣቱ መምህር በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ኤደን ገነት ባስተማረ ቁጥር አዳም ላይ ይናደዳል። «ፈሪ! ‹በላሁ› ብሎ ዝም ማለት ሲችል በሚስቱ አሳበበ» ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው የምትዘምረው ወጣት፣ ላግባሽ ሲላት እሺ ያለችው ለዚህ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን የተቆለፈ የአትክልት ቦታ በያዘው ቁልፍ ከፍቶ አስገባት። ጽጌረዳው መሃል ቆመው ሲያወሩ አስተዳዳሪው ደረሱባቸው።

«እናንተ! በሩን የከፈተው ማነው? ዛሬውኑ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ይባረራል!»

ከጀርባዋ በኩል እጇን አጥብቆ ጨበጠው። አይዞሽ ማለቱ መሰላት፤ ቀና ብላ ቆመች።

«አባታችን፣ እሷ ናት። እጇን ይዩት» አለ።

መዳፏን ዘረጋች። ቁልፉን የእሱ እጅ ሙቀት ገና አልለቀቀውም።