የፕሮፌሰሩ አውራ ጣት

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ፕሮፌሰሩ ስድስት የሕክምና ተማሪዎች አስከትሎ ወደ ሕሙማን ክፍሉ ገባ። እንደምን አደራችሁ አላለም። የታናሽ ወንድሜን አንሶላ ገልጦ አውራ ጣቱን ትከሻው ላይ አሳረፈና ገፋ አደረገው። ቆዳው እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ተነሣ።

«አያችሁ?» አላቸው ፈገግ ብሎ። «ቃጠሎ አይደለም። ሴሎቹ ራሳቸውን እንዲገድሉ ታዘዋል። የሚሞት ሴል ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘበትን ፕሮቲን አስቀድሞ ይቆራርጣል። ማያያዣው ሲበጠስ ቆዳው ይላቀቃል።»

ኋላ በራሴ አንብቤ እንደተረዳሁት፣ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። ንቀቴን ያባሰውም ይኸው ነው።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ከንፈሩ ቆስሎ እንኳ አፉ አላረፈም። «ዶክተር፣» አለ፣ «ስፌቱ የተተረተረ ልብስ አይጎተትም። እኛ ሱቅ ለማጅ እንዲህ ቢያደርግ በዚያው ቀን ይባረራል።»

አንዷ ተማሪ ሳቋን ዋጠች። ፕሮፌሰሩ አልሰማም፤ ለሱ በሽተኛ ጥቁር ሰሌዳ ነው። «በየተራ ሞክሩ» አላቸው። ልማዳቸው ነው፤ ሁሉም ጣቱን ሳያሳርፍ ጉብኝቱ አያልቅም።

አልጋው ፊት ቆምኩ። «ማንም አይነካውም። ይልቅ ይሄን ይዩልኝ።» የክኒኑን ማሸጊያ ዘረጋሁለት። «ለሚጥለው በሽታ ብላችሁ ያዘዛችሁለት ነው። በጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆዳው መላጥ ያዘ። ዛሬ ጠዋትም ሰጥተውታል። ያስቁሙለት።»

«እህቴ፣ ትምህርት ላይ ነን። ለነርሷ ንገሪያት።»

«ነርሷ ለእርስዎ ንገሪ ብላኛለች።»

«እንግዲያው ስንጨርስ።»

ማሸጊያውን በሁለት ጣቱ፣ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ፣ ሳያነበው ራስጌው ላይ ጣለው። ካርዱ ላይ ፈረመ። የመድኃኒቱን ዝርዝር አልገለጠም። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት፤ ስድስት የተማረ ሰው፣ አንድ አፍ የለውም። ሳቋን የዋጠችው ብቻ በሩ ጋ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እሷም ሄደች።

«ተያቸው እትዬ፣» አለ ወንድሜ። «ሰውዬው የገዛ ጋዎኑን ልክ አያውቅም። እጅጌው ጣቱን ሊውጠው ነው።»

ሐሙስ ቀትር ላይ ሞተ። ክኒኑ ከካርዱ ላይ የተሰረዘው ዓርብ ነው።