የጎረቤት እስትንፋስ

እማዋይሽ ግቢዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ስታስገጥም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር መኪናዋ ለጎረቤት ኃይል እንድትሰጥ ፈርማለች። ሳይፈርሙ ቻርጀር የለም።

ዛሬ መብራት የጠፋው ከጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ የልጇ የረድኤት ምጥ መጣ። እማዋይሽ ሆስፒታል ልታደርሳት የቻርጀሩን ገመድ ከመኪናዋ ለመንቀል ብትጎትት አልላቀቅ አለ። ቻርጀሩ ላይ "በዚህ መስመር በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ ሰው አለ" የሚል ጽሑፍ በራ። ሰውየው የአጥር ጎረቤቷ ጋሽ ይርዳው ናቸው።

"እማዬ፣ አልቻልኩም" አለች ረድኤት።

እማዋይሽ ወደ አጥሩ ሮጠች። "ጋሽ ይርዳው፣ ልጄን ምጥ ያዛት። ከነማሽንዎ መኪናዬ ውስጥ ይግቡልኝ፤ እዚያው ይሰካል።"

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ማሽኑን ከቤታቸው ነቅለው መኪናዋ ውስጥ ሲሰኩት የቻርጀሩ ገመድ ተላቀቀ።

ሰፈሩ ሲጠቀምበት የዋለው ባትሪ መንገድ ላይ ሊያልቅ ደረሰ፤ መኪናዋም ፍጥነቷን ቀነሰች። ረድኤት ስታቃስት ጋሽ ይርዳው እጃቸውን ሰደው ማሽኑን አጠፉት።

"ጋሽ ይርዳው" አለች እማዋይሽ ደንግጣ።

"አንቺ መንገዱን እዪ" አሏት ትንፋሽ እያጠራቸው። "እኔ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ።"

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ አንድ አልጋ እየገፋች መጣች። "መጀመሪያ ማንን ላስገባ?"

እማዋይሽ የመኪናዋን በር በሁለቱም በኩል ከፈተች።

"እሳቸውን" አለች ረድኤት።