የተለጠጠ ላሜራ

«አህያ ናት የገጨሁት። ስቱኮ ሞልተህ ቀለም ቀባልኝና ልሂድ» አለ የመኪናው ባለቤት።

ባትላሜራ ሠራተኛውን ስቱኮ የሚሉት ነገር ያንገሸግሸዋል። ለእሱ መግል የቋጠረ ቁስልን ሳያጥቡ በሻሽ እንደ ማሰር ነው። የጎደጎደውን ኮፈን ከሥሩ በመዶሻ እየኮረኮመ አወጣው። የተለጠጠው ላሜራ ግን እንደ ጣሳ ክዳን ገባ ወጣ እያለ አልረጋ አለው። እንዲህ ያለውን በእሳት አግለው በእርጥብ ጨርቅ ካላኮማተሩት ወደ ቦታው አይመለስም።

«እሳቱ ይቅር» አለ ሰውየው።

«ሥራዬን አታስተምረኝ» ብሎ ሠራተኛው የጋዙን ነበልባል አስጠጋ።

ወዲያው ከኮፈኑ ጠርዝ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ተነሣ። ሴቶች ፀጉራቸውን የሚቀቡት ቅቤ ነው፣ ከነአደሱ። ሠራተኛው ቀና ብሎ ባለቤቱን አየው።

«አህያዋ... ቅቤ ጭና ነበር። ገበያ ስትሄድ» አለ ሰውየው ተጣድፎ።

ሠራተኛው ነበልባሉን አጠፋ። በኮፈኑ ጠርዝ ሥር ተሰንቅሮ የቀረውን፣ ጫፉ የተለበለበ ነገር በፒንሳ ጎትቶ አወጣና ሰውየው አፍንጫ ሥር ያዘው።

«ሹሩባም ተሠርታ ነበር?»